ሐይቅ ዳር ላደረ ሰው የሚደርሰው ጠዋት

ሐዋሳ ተወልዶ የሚያድግ ልጅ ሐይቁን ሳያይ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ከወላጆቹ ጋር ፍቅር ሐይቅ ዳር ይንሸራሸራል፣ ወደ ዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ወርዶ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ይበላል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት ሲሻሙ እያየ ይስቃል፤ እንግዳ ዘመድ ሲመጣም መጀመሪያ የሚወስደው ወደ ውሃው ነው። እንደዚያም ሆኖ ከእነዚህ ልጆች መካከል ዋና የሚችለው፣ መቅዘፊያ ጨብጦ የሚያውቀው፣ ነፋሱ መቼ እንደሚነሣና ውሃው መቼ እንደሚያስፈራ ለይቶ የሚናገረው እጅግ ጥቂቱ ነው። የዓሣ አጥማጅ ልጆች ይህን ሁሉ ያውቁታል፤ የእኛ የመምህራኑ፣ የነጋዴዎቹና የመንግሥት ሠራተኞቹ ልጆች ግን ሐይቁን የሚያውቁት ከዳር ሆነው ነው። እኔና ባለቤቴ በየክረምቱ ልጆቻችንን፣ አንዳንዴም እናቴን ጭምር ይዘን፣ በሚኒባስና በታንኳ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች እየወጣን የምናድረው ይህ ነገር ስለሚቆረቁረን ነው።

ጎረቤቶቻችንና የሥራ ባልደረቦቻችን «ማደሩ ለምን አስፈለገ? ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ አይሻልም ወይ?» ይሉናል። የጥያቄው መልስ ያለው በሐይቁ ሰዓት ላይ ነው። በእኛ አካባቢ ሐይቆች ላይ ውሃው ጸጥ የሚለው ሌሊቱንና ማለዳውን ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል በዙሪያው ያለው መሬት ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፤ በመሬቱ ላይ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ሲነሣ ደግሞ ከውሃው በላይ ያለው ቀዝቀዝ ያለ አየር ቦታውን ሊይዝ ወደ ዳር ይመጣል፤ ነፋሱም እንዲህ እያለ ይበረታል። በክረምት ከቀትር በኋላ ደመናው በተራሮቹ ላይ ይከማችና ዝናብና መብረቅ ይከተላል። ከሐዋሳ በጠዋት ተነሥቶ ወደ ላንጋኖ የሚሄድ ቤተሰብ መንገዱን ጨርሶ፣ ዕቃውን አውርዶ፣ ልጆቹን አብልቶ ወደ ውሃው ሲጠጋ ረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሞገዱ መምታት ጀምሯል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የሚያዩት ሐይቅ የተቆጣ ሐይቅ ነው፤ ልጆቹም ውሃ ማለት ይህ ነው ብለው ፈርተው ይመለሳሉ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ውሃ የሚደርሰው እዚያው ላደረ ሰው ብቻ ነው። ሚኒባሱም አልጋውም ድንኳኑም የሚያስፈልጉት ለእነዚያ ሦስት ሰዓታት ሲባል ነው።

የምንወጣበት ወቅት በቤታችን አከራካሪ አይደለም። ልጆቹ በሰኔ 30 ካርዳቸውን ይቀበላሉ፤ የሐዋርያት ጾም በሐምሌ 5 ይፈታል፤ የፍልሰታ ጾም ደግሞ ነሐሴ 1 ይገባል። በሁለቱ ጾሞች መካከል ያሉት ሳምንታት የእኛ ናቸው፤ ሐይቅ ዳር ሄዶ ዓሣ አለመብላት ለእኛ ቤት ከባድ ነውና። ሐምሌ የዝናብ ወር መሆኑን እያወቅን ለምን በበጋ እንደማንሄድ የሚጠይቁን አሉ። በበጋ ትምህርት አለ፤ ከዚያም ሌላ የስምጥ ሸለቆው ወለል የሚያገኘው ዝናብ ከደጋው ጋር ሲነጻጸር ያነሰ ነው፤ የሚዘንበውም በአብዛኛው ከሰዓት በኋላና ሌሊት ነው። እኛ ውሃ ላይ የምንሆነው ጠዋት ስለሆነ የዝናቡ ሰዓትና የእኛ ሰዓት ብዙም አይጋጩም። በዚህ ወር ግራሩ አረንጓዴ ነው፣ አቧራው ተኝቷል፣ መንገዱ ላይ ያለው የሰው ግርግርም ከገና እና ከፋሲካ ሰሞን ይቀላል።

ስለ መኪናው ጥቂት ልበል። ካናዳ ኦንታሪዮ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ከባሏና ከልጆቿ ጋር በየዓመቱ በዚሁ ወር አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያለው ትልቅ መኪና ተከራይተው ወደ ጫካ ይወጣሉ። መኪናውን የሚያቆሙበት ስፍራ የራሱ ቁጥር አለው፤ የኤሌክትሪክ መሰኪያውና የውሃ ቧንቧው እዚያው ተዘርግቶላቸዋል፤ የቆሸሸውን ውሃ የሚደፉበት ቦታም ተለይቶ ተሠርቷል። ልጆቿ ታንኳ የለመዱት አልጎንኩዊን በሚባለው ትልቅ ፓርክ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1893 የተከለለ ሲሆን ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ የታንኳ መሥመር አለው፤ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ለመሻገር ሰዎቹ ታንኳቸውን ትከሻቸው ላይ ገልብጠው በጫካው መካከል ይጓዛሉ። የዚያ አገር ነባር ሕዝቦች ታንኳቸውን ከዛፍ ቅርፊትና ከቀጭን እንጨት ይሠሩት የነበረው ለዚሁ ተሸክሞ የመሻገር ሥራ እንዲቀል ነው። እህቴ ፎቶ በላከች ቁጥር ልጆቼ «እኛስ?» ይሉ ነበር፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነበር። ሐይቆቹ እኛም ዘንድ አሉ፤ የሌለን የተዘጋጀው ማቆሚያ ነው። ስለዚህ የእኛ መኪና የሚያስፈልገውን ሁሉ ራሱ ተሸክሞ መሄድ አለበት።

የእኛ መኪና ተራ ሚኒባስ ነው። የፊቱን ወንበርና ከኋላው ያሉትን ቀበቶ ያላቸውን ወንበሮች አልነካንም፤ ልጆች በመንገድ ላይ አልጋ ላይ ተኝተው መጓዝ የለባቸውምና። ከእነዚያ በስተኋላ ያሉትን ወንበሮች አስወጥተን ሰፈራችን ያለ አናጺ በጣውላ አልጋ ሠራልን፤ ከሥሩ ዕቃ የሚገባበት ሳጥን አለው፤ ቀን ፍራሹ ሲነሣ ጣውላው ታጥፎ መቀመጫ ይሆናል። እናቴና ትንሹ ልጅ መኪናው ውስጥ ይተኛሉ፤ የቀረነው ጎኑ ላይ በተወጠረው ድንኳን ውስጥ እናድራለን። ለመብራትና ለስልክ የሚሆን ሁለተኛ ባትሪ አለን፤ ቀን ቀን ፖርቶ መጋላው ላይ ካለው ትንሽ ሶላር ይሞላል። በሩና መስኮቱ አጎበር አላቸው፤ ወባ ያለበት አገር ስለሆነ ይህን ከምንም በፊት እናየዋለን። ለመጠጥና ለማብሰያ ውሃ የምንይዘው በጀሪካን ከቤታችን ነው። የታጠብንበትን ውሃ ሳሙናው ስላለበት ወደ ሐይቁ አንደፋውም፤ ከውሃው ቢያንስ 60 ሜትር ርቀን መሬት ውስጥ እናሰርገዋለን፤ ለመጸዳጃ የሚቆፈረው ጉድጓድም በዚያው ርቀት ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ ተመልሶ ይደፈናል።

አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። የሐምሌ ሌሊት ዝናቡ ሲበረታ ይበርዳል፤ በዚያን ጊዜ የከሰል ምድጃ ወደ መኪናው ወይም ወደ ድንኳኑ ማስገባት የሚያምረው ሰው ይኖራል። የከሰል ጭስ ሽታው ባይሰማም በተዘጋ ቦታ ውስጥ ሰው ይገድላል፤ መስኮት ገርበብ ማድረግም አያስተማምንም። በእኛ ጉዞ እሳት የሚነደውና ምግብ የሚበስለው ሁልጊዜ ውጪ፣ ከተወጠረው ሸራ ሥር ነው፤ ለብርዱ ጋቢና ብርድ ልብስ እንጨምራለን።

ታንኳውን የገዛነው ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ይሸጥ ከነበረ አንድ የውጭ ዜጋ ነው። ፋይበርግላስ ነው፤ ርዝመቱ ከመኪናው ትንሽ ያንሳል፤ ሁለት ጎልማሶች በቀላሉ ያነሡታል። ፖርቶ መጋላው ላይ ተገልብጦ በሁለት ቺንጊያ ይታሰራል፤ ከፊትና ከኋላም በገመድ ይወጠራል። ሻሸመኔን አልፈን እንደወጣን መኪናውን ዳር አቁመን ቺንጊያውን መፈተሽ የወንዱ ልጄ ሥራ ነው። በመንገዱ ንዝረት ቺንጊያው ሁልጊዜም ጥቂት ይላላል፤ ልጁም አጥብቆ ጎትቶ እስኪያስተካክለው ድረስ ማንም አያጣድፈውም።

ከታንኳው ቀድሞ የሚመጣው ላይፍ ጃኬት ነው። ለልጅ የሚገዛ ላይፍ ጃኬት በዕድሜ አይመረጥም፣ በክብደት ነው እንጂ፤ «ሲያድግ ይሞላዋል» ተብሎ ሰፊ መግዛትም አይገባም። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ልጁን አልብሰው ማሰሪያውን ካጠበቁ በኋላ በሁለቱ ትከሻ በኩል ጃኬቱን ወደ ላይ መጎተት ነው። ጃኬቱ ወጥቶ አገጩንና ጆሮውን ከሸፈነው ልጁ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሾልኮ ይወርድበታል ማለት ነው። በእኛ ቤት ጃኬት ሳይለብስ ታንኳው ውስጥ የሚገባ ሰው የለም፤ ይህ ጎበዝ ዋናተኛ የሆነውን ባለቤቴንም ይጨምራል። ልጆች ከአባታቸው ያላዩትን ሕግ አይጠብቁም።

የቀዘፋው ትምህርት የተጀመረው እዚሁ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ነው፤ ወደ ሩቅ ሐይቅ ከመውጣታችን በፊት ቅዳሜ ጠዋት ቅዳሜ ጠዋት እየወረድን። ከፊት የሚቀመጠው ሰው ሥራ ምቱን መጠበቅ ነው፤ ታንኳውን የሚመራው ከኋላ ያለው ነው። ጀማሪ ቀዛፊ ሁሉ የሚገጥመው ችግር አንድ ነው፤ በቀኝ በኩል ሲቀዝፍ ታንኳው ወደ ግራ ይዞራል፤ መቅዘፊያውን ወደ ግራ ሲያሻግር ደግሞ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ውሃው ላይ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። መፍትሔው ጎን መቀያየር አይደለም። ከኋላ ያለው ሰው ቀዘፋውን ሲጨርስ የእጁን አውራ ጣት ወደ ታች አዙሮ መቅዘፊያውን በጠርዙ ያቆመውና ከታንኳው ጥቂት ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ያቺ ትንሽ ግፊት የታንኳውን ፊት ወደ ቀጥታው ትመልሰዋለች። ትልቋ ልጄ ይህን ለመያዝ ብዙ ደክማለች፤ አሁን ግን ውሃውን ሳትረጭ፣ ድምፅ እንኳ ሳታሰማ ታደርገዋለች። ሞገድ ሲመጣ ደግሞ ከመቀመጫ ወርዶ መንበርከክ ነው፤ ክብደት ዝቅ ሲል ታንኳው ይረጋል፤ ቆሞ ቦታ መለዋወጥ ግን በፍጹም አይፈቀድም። ታንኳው ቢገለበጥ እንኳ ተገልብጦም ስለሚንሳፈፍ እሱን ይዞ መቆየት እንጂ ወደ ዳር ለመዋኘት ትቶት መሄድ አይገባም። ይህንን ሆን ብለን ወገብ በሚደርስ ውሃ ላይ እየገለበጥን አለማምደናቸዋል፤ ትንሹ ልጅ እስካሁን ከሁሉ የሚወደው ጨዋታ ይኸው መገልበጥ ነው።

ሐዋሳ ሐይቅ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም፤ ይህ ሆኖ ውሃው ጨዋማ አለመሆኑ ልጆቼን ሁልጊዜ ያስገርማቸዋል። ለልምምድ የሚመች ቢሆንም ሁለት ነገሮችን እንጠነቀቃለን። አንደኛው ጉማሬ ነው። በጥቁር ውሃ በኩልና ፊላና ደንገል በበዛበት ዳርቻ አንጠጋም፤ ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ወደ የብስ ይወጣል፤ በእርሱና በውሃው መካከል የተገኘ ሰው አደጋ ላይ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ መንጋው የዚያን ቀን በየት በኩል እንዳለ ያውቃሉ፤ ባለቤቴ ታንኳውን ከማውረዱ በፊት ሁልጊዜ ይጠይቃቸዋል፤ እነርሱም «ጋሼ፣ ዛሬ በዚህ አትሂዱ» ካሉት አንሄድም። ሁለተኛው ቢልሃርዚያ ነው። የበሽታው ትል በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ወደ ውሃው ይወጣና በሰው ቆዳ በኩል ይገባል፤ ቀንድ አውጣው የሚኖረው ሣርና ቄጠማ ባለበት፣ ውሃው በማይንቀሳቀስበት ዳርቻ ነው፤ ትሉም በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በጋለችበት የቀትር ሰዓት ነው። ስለዚህ እዚህ እንቀዝፋለን እንጂ ቄጠማው ውስጥ አንንቦራጨቅም፤ እግራችን ሲረጥብ ወዲያው እናደርቃለን፤ ከክረምቱ በኋላም ልጆቹን ወስደን እናስመረምራለን፤ ከተገኘ በፕራዚኳንቴል የሚድን በሽታ ነው።

ልጆቹ የልባቸውን የሚዋኙት ላንጋኖ ነው። ከሐዋሳ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሻሸመኔንና አርሲ ነገሌን አልፈው ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። ውሃው ቡናማ ነው። መጀመሪያ ያየ ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል፤ ቀለሙ የመጣው ግን በውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ከሚቀረው ደቃቅ አፈር ነው። ላንጋኖ ከቢልሃርዚያ ነጻ በመሆኑ ስሙ የታወቀ ነው፤ ዳርቻውም በብዙ ቦታ አሸዋና ቀስ እያለ የሚጠልቅ በመሆኑ ለልጆች ይመቻል። እኛ የምናርፈው ድንኳን መትከል የሚፈቅድ ግቢ ውስጥ በክፍያ፣ ወይም የአካባቢውን ሽማግሌዎች ጠይቀን ከመንደሩ ጥበቃ ቀጥረን ነው። መንደሩን ሳይጠይቁ ከብቶች ውሃ በሚጠጡበት ዳር ላይ መኪና ማቆም ነውር ነው ብዬ አምናለሁ፤ የእኛ ሽርሽር የእነርሱ የዕለት ኑሮ መሥመር ላይ ነው የሚያርፈው። መኪናውን ስናቆም አፍንጫውን ወደ መውጫው እናዞረዋለን፤ ሌሊት ሲዘንብ ጥቁሩ አፈር ስለሚይዝ ረባዳ ሣር ላይ አናቆምም፤ ጠጠርና አሸዋ ያለበትን ከፍ ያለ ቦታ እንመርጣለን። ከግራር ሥር ጥላው ደስ ቢልም ደረቅ ቅርንጫፍ ያንዣበበበትን እናልፋለን።

እናቴ ከሁላችን ቀድማ ትነሣለች። ገና ሳይነጋ እሳቷን ታያይዛለች፣ ጀበናዋን ትጥዳለች፣ ጸሎቷንም እዚያው ታደርሳለች። የዚያች እሳት ጭስ ለእኛ የነፋስ መለኪያ ነው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከወጣ ታንኳው ይወርዳል። ትልቋ ልጄ በ12 ሰዓት ከድንኳኑ ስትወጣ መጀመሪያ የምትጠይቀው «እማማ፣ ጭሱ እንዴት ነው?» ብላ ነው። ውሃው ላይ ሆነን ደግሞ በየጊዜው ዞር ብለን ወደ ዳር እናያለን፤ ጭሱ ማጋደል ሲጀምር ቀዘፋችንን ወደ ቤት እናዞራለን፤ ጭሱ መሬት ለመሬት ሲሳብ ደግሞ ሁላችንም ዳር ደርሰን መሆን አለበት። መንገዱንም የምንመርጠው በዚሁ መሠረት ነው። ስንሄድ ነፋሱን ፊት ለፊት እንቀበለዋለን፣ ደክመን ስንመለስ ከኋላ ይገፋናል፤ ከዳሩም ልጆቹ ዋኝተው ሊደርሱ ከሚችሉት ርቀት በላይ አንርቅም። እናቴ ታንኳው ውስጥ ገብታ አታውቅም፤ ነገር ግን ልጆቹ ከቀዛፊዎቹ ሁሉ በላይ የሚያዳምጡት የእርሷን ጭስ ነው።

የዚያ ጠዋት ውሃ ላይ የሚታየው ብዙ ነው። ዓሣ በል ንስሩ ከግራሩ ጫፍ ላይ ሆኖ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይጮኻል፤ ከመቅዘፊያው ጫፍ የሚንጠባጠበው ውሃ በታንኳው ጎን ላይ ክብ ክብ እየሠራ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በምሥራቅ የአርሲ ተራሮች ከጭጋጉ ወጥተው ይታያሉ። በከተማው ውስጥ ለአፍታ ዝም የማይሉት ልጆች እዚህ ሲደርሱ በራሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ትንሹ መሐል ላይ ተቀምጦ ወፍ ይቆጥራል። ወንዱ ልጄ ስለ ትምህርት ቤቱ የማይነግረኝን ነገር የሚነግረኝ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ፣ ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ ሲቀዝፍ ነው፤ ፊት ለፊት ተያይተን ያላወራነውን ብዙ ነገር በታንኳ ላይ አውርተናል።

3 ሰዓት ላይ ከውሃው ወጥተን የምንበላው ቁርስ በቤት ከተዘጋጀው ነው። ሹሮው ተመጥኖ፣ ድርቆሹ ደርቆ፣ ቋንጣው ተቆራርጦ፣ በሶው በቆርቆሮ ሆኖ ይመጣል፤ ጭኮ ደግሞ ለሚቀዝፍ ልጅ የሚተካው የለም፤ አንድ ቁራጭ በልቶ እስከ ምሳ አይርበውም። ድርቆሽ ፍርፍር በአንድ ድስት፣ በጥቂት ውሃ፣ በአጭር ጊዜ የሚደርስ በመሆኑ የካምፕ ምግብ ሆኖ የተፈጠረ ይመስለኛል። ዓሣውን ከአጥማጆቹ ገዝተን በምሳ ሰዓት እንጠብሳለን። ቆሮሶ ቅርፊቱ ተወግዶ፣ ሆዱ ጸድቶ፣ ጎንና ጎኑ እስከ አጥንቱ ድረስ በቀጭን በቀጭኑ ሲተለተል ዘይቱ በየስንጥቁ ይገባና ትናንሾቹ አጥንቶች ሳይቀሩ ይሰባበራሉ። ይህን አተለታተል ባለቤቴ የተማረው አሞራ ገደል ካሉት ወጣቶች ነው፤ እነርሱ ሲሠሩት ቢላው ዓሣው ላይ የሚያርፍም አይመስልም። አንጀቱንና ቅርፊቱን እንቀብራለን፤ ሌሊት ጅብ እንዳይጠራብን።

ከሰዓት በኋላ ውሃው የነፋስ ስለሆነ በመኪና ወደ አቢጃታና ሻላ እናቋርጣለን፤ ከዋናው መንገድ በስተምዕራብ ያሉ ስለሆኑ ሩቅ አይደሉም። ሻላ ጥልቀቱ 260 ሜትር የሚያልፍ፣ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ሁሉ ጥልቁ ነው፤ ዳርቻው ላይ የሚፈላ ፍል ውሃ ይወጣል። ታንኳችንን እዚያ አናወርድም፤ ውሃው ሰፊና ጥልቅ ነው፣ ነፋሱም ብርቱ ነው። አቢጃታን ግን ልጆቼ እንዲያዩት የምፈልገው በሌላ ምክንያት ነው። ይህ ሐይቅ ውሃውን የሚያገኘው ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ ደግሞ በሆራ ቀሎ ወንዝ ነው። ከላይ ለመስኖ የሚቀዳው ውሃ እየበዛ፣ ከራሱም ከሐይቁ ለሶዳ አሽ ምርት ውሃ እየተወሰደ፣ ዳርቻው ከቀድሞው በብዙ ርቆ ሸሽቷል። ፔሊካኖች ሻላ ደሴቶች ላይ ጎጆ ሠርተው ዓሣ ፍለጋ ወደ አቢጃታ ይበሩ ነበር፤ ውሃው እየቀነሰ ዓሣው ሲጠፋ ያ ምልልስ ቀረ። ነጩ ደረቅ መሬት ላይ ከልጆቼ ጋር ስሄድ ውሃው ድሮ የነበረበትን ቦታ በእጄ አሳያቸዋለሁ። ሐዋሳም የሚወጣ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ነው፤ የምንጥልበትን ሁሉ ይዞ ይቀራል፤ ይህን የሚያውቅ ልጅ የፕላስቲክ ጠርሙሱን ወደ ኪሱ ይመልሳል።

ሁለቱ ደቡባዊ ሐይቆች፣ ዓባያና ጫሞ፣ ለእኛ ታንኳ አይደሉም። ጫሞ ላይ «አዞ ገበያ» የሚባለውን ዳርቻ በትልቅ የሞተር ጀልባ፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሆኖ ማየት ይቻላል። አዞ ባለበት ውሃ ላይ ግን ልጅ ይዞ በታንኳ መውረድ ድፍረት ሊባል አይገባውም። የዝናቡ ቀን ሲበረታብንና ላንጋኖ ላይ ጭሱ ጠዋትም ካጋደለ ወደ ወንዶ ገነት ፍል ውሃ እንዞራለን። እረኞቹ በሚፈላው ምንጭ ውስጥ ድንችና የሐምሌ በቆሎ ሲቀቅሉ ልጆቹ አብረው ይቀመጣሉ፤ እናቴም ወገቧን ትታጠባለች፤ ከጉዞው ሁሉ ለእርሷ የሚበልጥባት ይኼኛው ነው።

ለዘንድሮ ሐምሌ ያሰብነው ዝዋይን ነው። ደንበል ተብሎም የሚጠራው ይህ ሐይቅ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት እያለው ጥልቀቱ እጅግ አነስተኛ ነው፤ በአብዛኛው ከጥቂት ሜትሮች አይበልጥም። ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ነፋስ ሲነካው ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ሆኖ ቶሎ ይነሣል፤ ለታንኳ ከረጅም ሞገድ ይልቅ ይህ ይከፋል። አምስት ደሴቶች አሉት፤ ከመካከላቸው ትልቁ ቱሉ ጉዶ ላይ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም ይገኛል። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ የቆየችው እዚያ ነው ተብሎ በትውፊት ይነገራል፤ የዘይ ሕዝብም ይህን ትውፊትና የራሱን ቋንቋ ይዞ በደሴቶቹና በዳርቻው ኖሯል። የዘይ ሰዎች ከደንገል የሚያስሩትን ታንኳ ልጆቼ ቀርበው እንዲያዩት፣ ቢፈቀድላቸውም እንዲቀዝፉት እፈልጋለሁ። ወደ ደሴቱ የምንሻገረው በአካባቢው ሰዎች የሞተር ጀልባ ነው፤ የራሳችንን ታንኳ የምናወርደው በማለዳ፣ ዳር ዳሩን ብቻ ነው፤ በዚህኛው ጉዞ ከኋላ የምትቀመጠው ትልቋ ልጄ ናት። እናቴም ገዳሙን ለመሳለም ስትል አብራን ለመምጣት ተስማምታለች፤ ጀልባ ላይ ለመውጣት ግን ላይፍ ጃኬቱን ከነጠላዋ በላይ እንድትለብሰው ከአሁኑ እያግባባናት ነው። ባቱ (ዝዋይ) ከተማ ወይም ሐይቁ ዳር ቤተሰብ ይዞ ሚኒባስ አቁሞ ለማደር የሚመች፣ ጥበቃ ያለው ግቢ የምታውቁ ካላችሁ ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ፤ መሬቱ ጥቁር አፈር መሆን አለመሆኑንም አብራችሁ ጻፉልኝ።